ከሞት ደጅ የተመለሱት ምን አዩ?



ባለፈው እሑድ ከጉባኤ በኋላ አንዲት እኅታችን ያነሣችው ጥያቄ ሁላችንንም ዝም አሰኝቶን ነበር። የአባቷ ልብ ቆሞ በሐኪሞች ርዳታ ነፍሳቸው ከተመለሰች ወዲህ «ምን አዩ?» ብላ ብትጠይቃቸው «ምንም አላየሁ፤ እንቅልፍ ነበር» አሏት። ሌሎች ብርሃን አየን ሲሉ ሰምታለችና «አባቴ ብርሃኑን የተነፈጉት ምን በድለው ነው?» ብላ አለቀሰች። በዕለቱ መልስ ስላልነበረን በሳምንቱ ውስጥ ያነበብነውን እነሆ እናካፍላችኋለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አልበርት ሃይም የተባለ የስዊዘርላንድ የመሬት ጥናት ሊቅ ከተራራ ወድቀው የተረፉ ሰዎችን ቃል ሰብስቦ በ1892 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ እርሱ ራሱም ከወደቁት አንዱ ነበር። በዓለም እንዲታወቅ ያደረገው ግን አሜሪካዊው ሬይመንድ ሙዲ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሐፍ ነው። ራስን ከላይ ሆኖ ማየት፣ በጨለማ ማለፍ፣ ብርሃን፣ የሞቱ ዘመዶች፣ ሰላም፤ ተራኪዎቹ በአብዛኛው የሚሉት ይህን ነው። (የሚያስፈራ ያዩም አሉ፤ እነርሱ ግን እምብዛም አይወራላቸውም።)

ለእኅታችን ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመው የሆላንዱ የልብ ሐኪም ፒም ቫን ሎመልና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። በ10 ሆስፒታሎች ልባቸው ቆሞ የዳኑ 344 ሕሙማንን ጠይቀው፣ እንዲህ ያለ ነገር ያስታወሱት 62 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከመቶ 18 መሆኑ ነው። የቀሩት 282 ምንም አላስታወሱም። እንግዲህ አባታችን ከብዙዎቹ ጋር ናቸው እንጂ ተለይተው የተነፈጉ አይደሉም።

በ2013 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ልብ ከቆመ በኋላ አንጎል ለ30 ሴኮንድ ያህል ሲነቃቃ ታይቷል። «ሁሉም የአንጎል ሥራ ነው» የሚሉ ይህን ይጠቅሳሉ። እኛ አንቸኩልም፤ አይጧ ያየችውን አልነገረችንም። «የወዲያኛው ዓለም በዚህ ተረጋገጠ» ከሚሉትም ጋር አንቸኩልም፤ ተራኪዎቹ ደጁ ድረስ ሄደው የተመለሱ ናቸውና።

አልዓዛር ግን አራት ቀን በመቃብር ቆይቶ ተነሥቷል። ማርታና ማርያም ምን አየህ ሳይሉት ይቀራሉ ብለን አናምንም፤ ሆኖም ወንጌላዊው ዮሐንስ ስላየው ነገር አንድ ቃል እንኳ አልጻፈም። ቅዱስ ጳውሎስም እስከ ሦስተኛው ሰማይ ስለ ተነጠቀው ሰው ሲናገር፣ በሥጋ ይሁን ያለ ሥጋ እንደማያውቅ ገልጿል። እርሱ ያላወቀውን እኛ ለመበየን ደፍረን ነበር።

ይህን ለእኅታችን ስናነብላት ጥቂት ዝም ብላ አባቷ እንደ ነቁ በመጀመሪያ የጠየቁትን ነገረችን። ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ወሰን ተጣልተው ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር፤ «ሽማግሌ ይላክልኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ የፊታችን ቅዳሜ ይሄዳሉ።