የሚያጠግብ አረንጓዴ ጭማቂ በቤት ውስጥ

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ገበያዎች ጎመን፣ አቮካዶ፣ ሙዝና ሎሚ ስለሚገኙ የሚያጠግብ ጭማቂ በቤታችን ልናሰናዳ እንችላለን። ይሁን እንጂ በሐይቅ ወይም በወንዝ ውሃ የታጠበ ጥሬ ቅጠል አሜባና ታይፎይድ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሎሚ መጨመሩም ከዚህ አያድንም።

ስለዚህ አስቀድመን እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። አምስት ለጋ የጎመን ቅጠሎች በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አጥበን፣ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 2 ደቂቃ እናቆያቸው። ቀጥሎም ከግማሽ አቮካዶ፣ ከ1 ሙዝና ፈልቶ ከቀዘቀዘ 1 ብርጭቆ ውሃ ጋር በመፍጫ እንፍጫቸው፤ መፍጫ የሌለው በንጹሕ ሙቀጫ ይውቀጥ።

ሎሚ ቢጨመርበት በጎመኑ ያለው ብረት ከሰውነት ጋር እንዲዋሐድ ይረዳል። አሠሩ የሚያጠግብ ስለሆነ አይጠለል፤ ሙዙ ስለሚያጣፍጠውም ስኳር አያሻውም። እንደ ተዘጋጀ ይጠጣ፤ ያደረውን ለሕፃናት ከመስጠት እንድትጠነቀቁ እናሳስባለን።