ዱባይ ውስጥ ማታ በእግር መሄድ

ጥያቄ፦ እህቴን ልጠይቅ ዱባይ ልሄድ ነው። ማታ ብቻዬን በእግር ብንቀሳቀስ ያሰጋኛል? ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ የሰዓት እላፊ የለም። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ስለማያስወጣ እንደ ዴይራ ባሉ ሰፈሮች ሰው የሚበዛው ከመሸ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት መንገድ ሲሻገሩ ይሁን። መኪና ባይታይም በዜብራ ወይም በድልድይ ብቻ ይሻገሩ፤ አለዚያ 400 ድርሃም ይቀጣሉ። በ2025 ሥራ ላይ የዋለው የትራፊክ ሕግ ደግሞ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ መንገድ ላይ ያለቦታው የሚሻገርን እስከ እስራት ያደርሳል።

ጠጥቶ በአደባባይ መንገዳገድና ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ወንጀል ነው። የፓስፖርትዎን ኮፒ ይያዙ፤ ዋናውን ቤት ይተዉት።

ካመሹ በእግር ከመሄድ ታክሲ ይሻላል፤ ጣሪያቸው ሮዝ የሆኑትን የሚነዱት ሴቶች ናቸው፤ የሚያሳፍሩትም ሴቶችንና ቤተሰብን ነው። ሜትሮ ከያዙ ለሴቶች የተለየ ፉርጎ አለ። የሚከተልዎት ሰው ካለ ወደ ክፍት ሱቅ ይግቡና ለፖሊስ በ999 ይደውሉ። ቁጥሩን ከመነሳትዎ በፊት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት።