ኦስሎ ላይ ዳስ ለሚጥሉ

የአዲስ አበባን ባዛር የሠራ አናጺ የመክፈቻ ዋዜማ ምን እንደሚመስል አሳምሮ ያውቃል። መስቀል አደባባይ ያለው የኤግዚቢሽን ማዕከል ለእንቁጣጣሽ ወይም ለገና ሲሰናዳ መዶሻው ሲጮህ ያድራል፤ ጠዋት ሪባን ሲቆረጥ የአንዳንዱ ቡዝ ቀለም ገና አልደረቀም። ብሎን ከጎደለ መርካቶ ቅርብ ነው፤ ሰው ከደከመ ሌላ ይጠራል። እንደምንም ይደረሳል። ይህን ችሎታ አላናንቅም። ይሁን እንጂ ያንኑ ልማድ ይዘው ኦስሎ የሚመጡ ድርጅቶች ሲቸገሩ ደጋግሜ አይቻለሁ። እዚህ አገር ስታንድ የሚዘገየው መኪናው አዳራሹ በር ላይ ከመድረሱ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ነው፤ አንድ ቅጽ ሳይሞላ፣ አንድ ንድፍ ሳይላክ ሲቀር።

መጀመሪያ አድራሻውን እናጥራ። የኦስሎ ትልልቅ የንግድ ትርኢቶች የሚካሄዱት ከከተማዋ ውጭ፣ ሊልስትሮም በሚገኘው ኖቫ ስፔክትሩም ነው። ከኦስሎ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ከጋርደርሞን አውሮፕላን ማረፊያም በባቡር ብዙ አይርቅም። አዳራሹ ቀድሞ ኖርገስ ቫሬሜሴ ይባል ነበር፤ ወደ ሊልስትሮም የሄደው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን ከዚያ በፊት ሾሊስት በተባለው የኦስሎ ሰፈር ነበር። ኦስሎ ስፔክትሩም የሚባለው ደግሞ መሐል ከተማ ያለ የሙዚቃና የስፖርት አዳራሽ ነው። የጭነት ወረቀት ላይ «ስፔክትሩም፣ ኦስሎ» ብሎ የሚጽፍ ላኪ ካርቶኑን የኮንሰርት በር ላይ ያገኘዋል። የአዳራሹን ቁጥር፣ የስታንዱን ቁጥርና «ሊልስትሮም» የሚለውን ስም እያንዳንዱ ሣጥን ላይ በሁለት ጎን ጻፉ።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ያለው ቢሮ በኢትዮጵያ ቀን ያቅዳል፣ ጭነት አስተላላፊው በፈረንጅ ቀን ይጽፋል፣ የኖርዌይ አናጺና ማተሚያ ቤት ደግሞ በሳምንት ቁጥር ይነጋገራሉ። «ሳምንት 22 ላይ እናስረክባለን» ሲሉ ከዓመቱ መጀመሪያ የተቆጠረውን 22ኛ ሳምንት ማለታቸው ነው። ሦስቱን በሦስት ዓምድ የያዘ አንድ ገጽ አዘጋጁና ለሁሉም ላኩ። ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ጻፉ፤ «ጠዋት 2 ሰዓት» የሚል መልእክት ለእነሱ የሌሊት ቀጠሮ ነው።

በዓላቱን እዚያው ገጽ ላይ በቀይ አስምሩ። የ2025ን ኖር-ሺፒንግ ውሰዱ። ይህ ከ1965 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የመርከብ ንግድ ትርኢት በዚያ ዓመት ከጁን 2 እስከ 6 ነበር። ስለዚህ ከመክፈቻው በፊት ያለው ሳምንት 22 ነው። በዚያ ሳምንት ሐሙስ ሜይ 29 ዕርገት ነበር፤ አገሩ በሙሉ ዝግ ነው። ዓርብ የሥራ ቀን ቢሆንም በበዓልና በቅዳሜ መሐል ስለተጣበቀ ብዙ ሰው ፈቃድ ይወስዳል። እሑድ ደግሞ የግንባታ ዕቃ ሱቆች አይከፈቱም። አዳራሹ ክፍት ሆኖ ሠራተኛ ቢያስገባ እንኳ የጎደለ ኮምፔንሳቶ የሚሸጥላችሁ አይገኝም። በ2025 የእኛና የእነሱ ፋሲካ ስለገጠመ ዕርገቱም አንድ ቀን ዋለ፤ በአብዛኛው ዓመት ግን አይገጥምምና በአገር ቤት ካላንደር አትመኩ። ሜይ ውስጥ የሠራተኞች ቀንና የሕገ መንግሥት ቀን የሆነው ሜይ 17 አሉ፤ ጁላይ ደግሞ የግንባታ ዘርፉ ለሳምንታት የሚያርፍበት ወር ነው። በኦክቶበር የሚከፈት ትርኢት ያለበት ሰው ንድፉን ከጁን በፊት ማጽደቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ማካካስም አይታሰብ። ሕጉ መደበኛ የሥራ ጊዜን በቀን 9፣ በሳምንት 40 ሰዓት ይገድበዋል፤ ለትርፍ ሰዓት ቢያንስ 40 በመቶ ይጨመራል፤ ከ21:00 እስከ 06:00 ያለው የሌሊት ሥራ ደግሞ በዘፈቀደ የሚታዘዝ አይደለም። «ከአዲስ አበባ የራሴን አናጺ አመጣለሁ» የሚል አለ። የጎብኚ ቪዛ ሥራ የመሥራት መብት አይሰጥም፤ የሚመጣው ሰው ካቻቢቴ ይዞ የሚሠራ ከሆነ ይህን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ጠይቁ። የሼንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ሲሆን እስከ 45 ሊራዘም ይችላል፤ በዕቅዳችሁ ላይ 45ቱን አስፍሩ።

ለእኛ ሰው ትልቁ ወጥመድ ግን መብራት ነው። የምግብ አምራች ድርጅት እንጀራ በቦታው ጋግሬ አሳያለሁ ይልና ምጣዱን ጭኖ ይመጣል። የእኛ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 16 አምፔር መስመር በ230 ቮልት የሚሸከመው 3,680 ዋት ነው። በዚያው መስመር ላይ በዲቫይደር የቡና ማሽንና መብራት ሲጨመር ፊውዙ ይወርዳል፤ የሚወርደውም እንግዳ ፊት ነው። ስለዚህ የሚሰካውን ዕቃ ሁሉ ከነዋቱ ዘርዝሩ፣ ደምሩ፣ ለምጣዱ የራሱን መስመር ጠይቁ፤ ትእዛዙን ደግሞ አዳራሹ ለአሳዪዎች በሚልከው መመሪያ ላይ ከተቀመጠው ቀነ ገደብ በፊት አስገቡ። ቡና መቁያ ማሽን የሚያመጣ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለበት። ኖርዌይ ውስጥ በብዙ ቦታ ሦስት ፌዙ በፌዝና በፌዝ መካከል 230 ቮልት ነው፣ ኒውትራል የለውም፤ አዲሶቹ መስመሮች ደግሞ 400 ናቸው። አዲስ አበባ በ380 የሚሠራ ሞተር የትኛው እንደሚሰጠው ሳታውቁ አትጫኑት። የአውሮፓ የደኅንነት ምልክት የሌለው፣ በሠፈር ብየዳ ቤት የተሠራ ምጣድ ከሆነ እዚህ ካለ ሐበሻ ምግብ ቤት ደንቡን የሚያሟላ መከራየት ይሻላል። ሽቦውን አስተካክሎ መቀጠልም የተመዘገበ የኤሌክትሪክ ድርጅት ሥራ እንጂ የእኛ እጅ አይደለም።

የቡና ሥነ ሥርዓት ሰው ይሰበስባል፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ከሰልና ዕጣን ጣሪያው ላይ ያለውን የጭስ ጠቋሚ ያስጮኻሉ። በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቁሉ። ከአገር ቤት ቄጠማ መላክ አይታሰብ፤ ዕፅዋት የጤና ሰርተፊኬት ይጠየቅባቸዋል። ንጥር ቅቤና ቋንጣም እንዲሁ፤ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ የሚመጣ የእንስሳት ውጤት በሻንጣ አይገባም፤ ለቅምሻ የሚሆነውን ቅቤ እዚሁ ገዝታችሁ አንጥሩ። ጠጅ ማቅመስ የሚፈልግ ከኮሙኑ (ከማዘጋጃ ቤቱ) የመጠጥ ፈቃድ ያሻዋል፤ የአልኮል ማስታወቂያም በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ባነሩ ላይ ብርሌ ከመሳላችሁ በፊት አስቡበት።

ጉምሩክ ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ እንዳላችሁ ቁጠሩ፦ ተመልሶ የሚሄድና እዚህ የሚያልቅ። ብዙ አገሮች ለኤግዚቢሽን ዕቃ የሚጠቀሙበት ኤቲኤ ካርኔት የተባለው ሰነድ አለ፤ ኢትዮጵያ ግን የዚያ ሥርዓት አባል አይደለችም። ስለዚህ ተመላሹ ዕቃ በጊዜያዊ ማስገቢያ፣ ማስያዣ ተከፍሎበት ይገባል። የሚቀመሰውና የሚታደለው ለብቻው፣ በሌላ ደረሰኝ ይሁን። ኢትዮጵያ እጅግ ካላደጉት አገሮች ተርታ ስለሆነች የትውልድ ማስረጃው ከተሟላ ቀረጥ አይከፈልም፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ግን አለ፣ በመደበኛው 25፣ በምግብ ላይ 15 በመቶ። በባሕር የምትልኩ ከሆነ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ብዙ መርከቦች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ስለዞሩ የድሮውን የጉዞ ቀን አትመኑት። የእኔ ፍርድ፦ ግድግዳና ወለል ከኢትዮጵያ አትላኩ። ሙከሻና ዘነዘና፣ ሽመና፣ ቆዳ፣ ቡና ላኩ፤ ፓነሉንና ጠረጴዛውን እዚህ ተከራዩ። የጎደለ ትንሽ ነገር ቢኖር ከኦስሎ ወደ ሊልስትሮም መንገድ ላይ፣ ፉሩሴት፣ ኢኬአ አለ፤ ከእሑድ በስተቀር።

ባነሩን ስታሳትሙ የግዕዙን ፊደል ተጠንቀቁ። በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል የኖርዌይ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጣችሁ ላኩ፤ ናሙናውንም አማርኛ የሚያነብ ሰው ይየው፤ አታሚው ፊደል ቢገለበጥ አያውቅም።

አዳራሹ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ይወስናል። ከጣሪያ የሚንጠለጠል ነገር ካለ እሱ ይቅደም፤ ማንሻ ማሽኑ ባዶ ወለል ይፈልጋልና። ቀጥሎ ወለሉ ላይ ልኩ ይሰመራል፣ ገመዱ ይዘረጋል፣ ከላዩ ወለል ይነጠፋል፣ ግድግዳ ይቆማል፣ ባነር ይለጠፋል፣ መብራት ይስተካከላል፣ መጨረሻ ላይ ዕቃ ይደረደራል። ወለሉን አንጥፎ ገመዱን የረሳ ሰው ሁለቴ ይሠራል። ስለዚህ ሣጥኖቹን መጀመሪያ የሚፈለገው በሩ አጠገብ እንዲሆን አድርጋችሁ ጫኑ። የመተላለፊያው ምንጣፍ ከተነጠፈ በኋላ ጋሪ ማሳለፍ ችግር ነው፤ ባዶ ሣጥኖች ከዚያ በፊት የስታንድ ቁጥር ተለጥፎባቸው ይውጡ። በጥር የምትመጡ ከሆነ በብርድ መኪና ያደረ ስቲከር ወዲያው አይጣበቅም፤ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሩት።

ማፍረሱንም አስቀድማችሁ አቅዱ። ትርኢቱ ሳይዘጋ መንቀል አይፈቀድም፤ ትታችሁ የሄዳችሁት ቆሻሻ ደግሞ በሒሳብ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ማስያዣው ነው። በጊዜያዊነት የገባውን ዕቃ መጨረሻው ቀን ለደንበኛ ስጦታ ሰጥቶ የሄደ ድርጅት ያንን ዕቃ ከአገር አላስወጣም። ዝርዝሩን ይዛችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ ሣጥኑን አሽጉ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት የመውጫ ማህተሙ መመታቱን ከጭነት አስተላላፊው በጽሑፍ ተቀበሉ።