በደካማ ውጤት ለቢዝነስ ትምህርት ቤት ማመልከት፦ ከወንድሜ የተማርኩት



የነርሲንግ ተማሪ ስለ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ታላቅ ወንድሜ ለኤምቢኤ ሲያመለክት የጻፈውን ሁሉ ከማንም ቀድሜ የማነበው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ከኮሌጅ የተመረቀው በ2.7 ጂፒኤ ነው። በአሜሪካ ስመ ጥር በሆኑት ትምህርት ቤቶች የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ ግን ከ3.6 በላይ ነው። በማኅበራችን ውስጥ "የእኔ ውጤት ለዚያ አይሆንም" ብለው ሳይሞክሩ የተዉ ልጆች አውቃለሁ። ስለዚህ አባቴንና ወንድሜን አስፈቅጄ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

1. የሚለወጠውን ከማይለወጠው ለዩ

ትራንስክሪፕት አንዴ ካለቀ አለቀ። ኮሚቴው ዝቅተኛ ጂፒኤ ሲያይ ግን የሚያሳስበው ያለፈው ብቻ አይደለም። "ይህ ሰው ሂሳብ የበዛበትን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርታችንን ይችለዋል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል።

አንዱ ማስረጃ ፈተና ነው። የአሁኑ ጂማት 3 ክፍሎች አሉት፦ ሂሳብ፣ ቋንቋና የዳታ ትንተና። እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ ውጤቱም ከ205 እስከ 805 ነው። በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ መፈተን ይቻላል። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በጂማት ፋንታ ጂአርኢንም ይቀበላሉ። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈተን 575 አገኘ። ከሥራ ሲመለስ ማታ ማታ ለ4 ወር አጥንቶ በሁለተኛው 665 ደረሰ።

ሌላው ማስረጃ ኮርስ ነው። የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት "ኮር" የሚባል የኢንተርኔት ፕሮግራም አለው፤ የዳታ ትንተና፣ ኢኮኖሚክስና የፋይናንስ አካውንቲንግ ያስተምራል። ለወንድሜ ዋጋው ስለከበደው በሰፈራችን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስታቲስቲክስና አካውንቲንግ በማታ ወሰደ። በሁለቱም ኤ አገኘ። ከቆየ ሲ ይልቅ የቅርብ ጊዜ ኤ ብዙ ይናገራል።

2. የድጋፍ ደብዳቤውን ሥራችሁን የሚያውቅ ሰው ይጻፍ

እናቴ "በማኅበረሰባችን የተከበሩት ዶክተር ይጻፉልህ" ብላ ነበር። ከልቧ ነው። ዶክተሩ ግን ወንድሜን የሚያውቁት በሠርግና በለቅሶ ነው። ደብዳቤውን የጻፈችለት በዕቃ ማጓጓዣ ድርጅቱ ያለች የቅርብ አለቃው ናት። የመጋዘኑን ወጪ በቁጥር አስልቶ ያቀረበበትን ቀን በዝርዝር አስቀመጠችው። ጂፒኤው ለተጠራጠረ ኮሚቴ፣ ከማዕረግ ይልቅ እንዲህ ያለ ምስክር ይረዳል።

3. ድክመታችሁን እንደ ነርስ ሪፖርት አድርጉ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ማመልከቻዎች በፈቃድ የሚሞላ ተጨማሪ ቦታ አላቸው። ዝቅተኛ ውጤት ያለው ሰው የሚያስረዳው እዚያ ነው። ወንድሜ መጀመሪያ ባዶውን ሊተወው ፈለገ። "ራሴ ላይ ጣቴን ልቀስር እንዴ?" አለ። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አባታችን ሕመም ጻፈ።

አባቴ የኩላሊት ሕመምተኛ ነው። ወንድሜ ሁለተኛ ዓመት ሳለ ዲያሊሲስ ጀመረ፤ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ወደ 4 ሰዓት ገደማ። እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች የሚያመላልሰው ወንድሜ ነበር። ይህ በቤታችን ገመና ነበር። አዲስ አበባ ያሉት አክስቶቼ እንኳን ለረጅም ጊዜ አልሰሙም። ስለዚህ ወንድሜ ጽሑፉን ከመላኩ በፊት አባዬን ማስፈቀድ ነበረበት። እሑድ ቡና ላይ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበለት።

አባዬ ሰምቶ ዝም አለ። ከዚያ "በሽታዬን ጻፍ፣ አልከለክልህም። ግን የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኔ ጤነኛ ነበርኩ። እኔ ሳልታመም የወደቅከውን በእኔ አታሳብብ" አለ። ወንድሜ ቀና ብሎ አላየውም። እውነት ነበረ። የመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ የተበላሸው ማታ ሲዞር፣ ጠዋት ክፍል ሲቀር ነው። ደግሞም ትራንስክሪፕት በየሴሚስተሩ የተከፋፈለ ነው፤ ኮሚቴው ቀኑን ማመሳከር አያቅተውም።

ያን ሳምንት እኔ በክሊኒክ ልምምድ ላይ ስለ ኤስባር እየተማርኩ ነበር። ኤስባር ነርስ ስለ በሽተኛ ለሐኪም ሪፖርት የምታደርግበት ዘዴ ነው፦ ሁኔታ፣ ዳራ፣ ግምገማ፣ ምክር። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ተወስዶ ወደ ሕክምናው የገባ ነው። በዚህ ሪፖርት ውስጥ ማልቀስ የለም፣ ሰውን መወንጀል የለም፣ መደበቅም የለም። የሆነውን ትናገራለህ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ትናገራለህ፣ ታበቃለህ። ወንድሜን "በዚህ ሞክረው" አልኩት። የመጨረሻው ጽሑፉ በአማርኛ ሲጠቃለል እንዲህ ነበር፦

ሁኔታ፦ የመመረቂያ ጂፒኤዬ 2.7 ነው። የወረዱት የመጀመሪያዎቹ 4 ሴሚስተሮች ናቸው።

ዳራ፦ በመጀመሪያው ዓመት የጥናት ልማድ አልነበረኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በሁለተኛው ዓመት አባቴ ዲያሊሲስ ስለጀመረ በሳምንት 3 ቀን አመላልሰው ነበር።

ግምገማ፦ በመጨረሻው ዓመት ውጤቴ 3.4 ደረሰ። ከተመረቅኩ በኋላ በወሰድኳቸው ሁለት ኮርሶች ኤ አግኝቻለሁ።

ምክር፦ ችሎታዬን በቅርብ ጊዜ ሥራዬና ፈተናዬ እንድትመዝኑልኝ እጠይቃለሁ። እስከ ትምህርቱ መጀመሪያም የሂሳብ ዝግጅቴን እቀጥላለሁ።

ሁለቱ ገጽ ወደ ግማሽ ገጽ ወረደ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከገባ በኋላ ስለ አባዬ የተጻፈው ራሱ ይበልጥ የሚታመን ሆነ። ሰበብና ምክንያት የሚለዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

4. ጊዜውን እወቁ

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዙር ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር ላይ፣ ሁለተኛው ጃንዋሪ ላይ ይዘጋል። ፈተናና ኮርስ ወራት ስለሚወስዱ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሩ። በመጨረሻው ዓመት ላይ ያላችሁ ደግሞ እንደ ሃርቫርድ "2+2" ያሉትን ተመልከቱ፤ አሁን አመልክታችሁ፣ ጥቂት ዓመት ሠርታችሁ የምትገቡባቸው ናቸው። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላችሁ በ1966 የተመሠረተውን "ኮንሶርሺየም" አትርሱት፤ በአንድ ማመልከቻ ለብዙ ትምህርት ቤቶችና ለነፃ ትምህርት ዕድል እንድትወዳደሩ ያደርጋል። አውሮፓን ለምታስቡ ኢንሲያድ በ10 ወር የሚያልቅ ኤምቢኤ አለው።

ውጤቱስ?

ወንድሜ ለ4 ትምህርት ቤቶች አመለከተ። ሁለቱ አልተቀበሉትም። አንዱ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ አስቀመጠው። አንዱ ተቀበለው፣ ከፊል ስኮላርሺፕም ሰጠው። ስለዚህ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ 2.7ን 3.7 ያደርጋል ብዬ አልዋሻችሁም። በሩን የዘጉበትም አሉ።

እኔም የራሴ አለኝ። አንደኛ ዓመት ላይ ኬሚስትሪ ወድቄ ደግሜዋለሁ፤ እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ ከቤተሰቤ ውጭ ማንም አያውቅም ነበር። የክሊኒክ አስተማሪያችን የምትነግረንን አባቶቻችን ቀድመው ብለውታል፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ማመልከቻ የምትጽፉ ካላችሁና የሚያነብላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ፣ ሐሙስ ማታ በማኅበራችን የጥናት ክፍል አለሁ። ትራንስክሪፕታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አልስቅም።