ዱቄቱ እውነት ይሠራል? በፍራፍሬ ዝንብ የሚደረግ ሙከራ

ጠላ ሲጠነሰስ፣ ሙዝ ከልክ በላይ ሲበስል፣ የቲማቲም ልጣጭ ጥግ ላይ ተጥሎ ሲያድር ከየት መጣ ሳይባል የሚያንዣብብ ትንሽ ነገር አለ። መልኩ ቡናማ ነው፤ ዓይኑ ቀይ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ብዙዎቻችን ትንኝ ብለን በእጃችን እናባርረዋለን። የሳይንስ ሰዎች ግን የፍራፍሬ ዝንብ ይሉታል፤ በጠርሙስ ያረቡታል፣ ይመግቡታል፣ ይቆጥሩታል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከምንተዋወቃቸው ፍጥረታት አንዱ ይኸው ነው።

ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ አጭር ነው። «ሰውነትን ያነቃቃል፣ ስብን ያቃጥላል፣ ያቀጥናል» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄትና ክኒን አለ። እውነት ይሠራል? ቢሠራስ አይጎዳም? ለዚህ መልስ የሚሰጠን የሻጩ ምላስ ወይም በማሸጊያው ላይ የተለጠፈው ሥዕል አይደለም፤ ሙከራ ነው እንጂ። ሙከራው እንዴት እንደሚደረግ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ሀ. ሜታቦሊዝም ምን ማለት ነው?

ምጣድ የተጣደበትን ምድጃ እናስብ። እንጨት ይገባበታል፤ አየር ያገኛል፤ ይነዳል፤ ሙቀትና ጭስ ይወጣዋል። ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። የበላነው እንጀራ እንደ እንጨቱ ነው። የምንስበው ኦክስጅን እንደ አየሩ ነው። የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ እንደ ጭሱ ነው። ከዚህ የሚገኘው ኃይል ልብን ያስመታል፣ ጡንቻን ያንቀሳቅሳል፣ ሰውነትን ያሞቃል። ተኝተን እንኳ እሳቱ አይጠፋም። ይህ ምግብን ወደ ኃይልና ወደ አካል የመለወጥ ሥራ በጠቅላላው ሜታቦሊዝም ይባላል።

እንግዲህ «ሜታቦሊዝምን ያፋጥናል» ማለት እሳቱን ያበረታል ማለት ነው። አባባሉ እውነት ከሆነ ዱቄቱን የወሰደ ፍጡር ካልወሰደው የበለጠ ኦክስጅን መጠቀም አለበት። ይህ ሊለካ የሚችል ነገር ነው። ሊለካ የሚችል ነገር ደግሞ ክርክር አያበዛም።

ለ. ለምን ዝንብ?

ዝንብ ከሰው ጋር ምን አገናኘው? የሚል አይጠፋም። ምክንያቱ ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ቶሎ ይራባል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ 10 ቀን ያህል ይበቃዋል። አንዲት እንስት በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ዕድሜው ሁለት ወር ያህል ስለሆነ ልደቱንም ሞቱንም በአንድ የትምህርት ወቅት ማየት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ወጪው ትንሽ ነው። የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳርና እርሾ ተቀቅሎ ከተሰጠው ይበቃዋል።

ሦስተኛ፣ ውስጡ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። በሰው ላይ በሽታ ከሚያመጡ ዘረመሎች መካከል አብዛኞቹ በዝንቡ ውስጥ አምሳያ አላቸው። ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡት የሕዋስ ክፍሎችም በሁለታችን ውስጥ ያሉ ናቸው።

«የዝንብ ጠንጋራ ያውቃል» የሚል አባባል አለን። በእውነትም የዝንብን ዓይን ልብ ብሎ በማየት ዓለምን ያስተማረ ሰው አለ። ስሙ ቶማስ ሀንት ሞርጋን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1910 በኒውዮርክ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከቀይ ዓይናዎቹ መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ዝንብ አገኘ። ያንን አራብቶ የዘር ባሕርይ በክሮሞሶም ላይ እንደሚተላለፍ አሳየ። በ1933 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ሐ. ሙከራው እንዴት ይደረጋል?

1. መከፋፈል። ዝንቦቹን በሁለት ወገን እንከፍላለን። አንዱ ወገን ዱቄት የተቀላቀለበት ምግብ ይበላል። ሌላው ያንኑ ምግብ ያለ ዱቄት ይበላል። ይህ ሁለተኛው ማወዳደሪያ ይባላል። ማወዳደሪያ የሌለው ሙከራ አንድ እግር ብቻ እንዳለው ሚዛን ነው።

2. ማመሳሰል። ሁሉም የአንድ ቀን ልጆች ይሁኑ። ሁሉም ወንዶች ይሁኑ፤ እንስቷ እንቁላል ስለምትይዝ ክብደቷም ምግቧም ይለያል። ሙቀቱም አንድ ይሁን። ዝንብ የራሱን የሰውነት ሙቀት እንደ እኛ አይጠብቅም፤ ቤቱ ሲሞቅ እሱም ይፈጥናል። አንዱ ጠርሙስ በመስኮት አጠገብ፣ ሌላው በጥላ ከተቀመጠ የለካነው ዱቄቱን ሳይሆን ፀሐይን ነው።

3. ማብዛት። አንድ ዝንብ ምስክር አይሆንም። እንበልና በየጠርሙሱ 20 ዝንብ እናስገባ። ዱቄት የሌለው፣ ጥቂት፣ መካከለኛና ብዙ ዱቄት ያለው ብለን አራት ወገን እናድርግ። ለየወገኑ አምስት ጠርሙስ ብናዘጋጅ በጠቅላላው 20 ጠርሙስ፣ 400 ዝንብ ይሆናል።

4. መሰወር። በጠርሙሶቹ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ። የትኛው ዱቄት እንዳለበት የሚለካው ተማሪ አይወቅ። ለምን ቢባል፣ ሰው የሚመኘውን ማየት ይወዳል። ዓይን እኮ ያዳላል።

5. መለካት። ዝንቦቹን በትንሽ የመስታወት ቱቦ ውስጥ እናስገባለን። በጥጥ ለይተን ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚመጥ ኬሚካል እንጨምራለን። የቱቦው አፍ በቀጭን መስታወት ይዘጋል፤ በቀጭኑ መስታወት ውስጥ ቀለም የገባበት ጠብታ ውኃ አለ። ዝንቦቹ ኦክስጅን ሲወስዱ፣ የሚያስወጡትም አየር ሲመጠጥ፣ የውስጡ አየር ይቀንሳል፤ ጠብታው ወደ ውስጥ ይሳባል። ምን ያህል ሚሊ ሜትር እንደ ሄደ በማስመሪያ እናነባለን። ዝንብ የሌለበት ባዶ ቱቦም ጎን ለጎን ይቀመጥ። የክፍሉ ሙቀት ሲለወጥ ጠብታው በራሱ ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ ያንን ከልኩ መቀነስ ያስፈልጋል።

መ. ቁጥር እንዳያታልለን

ዱቄት የበሉት ዝንቦች ክብደት ቀነሱ እንበል። «ሠራ!» ብለን እንጩህ? ቆይ፣ አንቸኩል። ዱቄቱ መራራ ቢሆንስ? ዝንቡ ምግቡን ጠልቶ ጾሙን ውሎ ይሆናል። የከሳው እሳቱ በርትቶ ሳይሆን እንጨቱ አንሶ ነው። ይህን ለመለየት በሁሉም ምግብ ላይ ሰማያዊ የምግብ ቀለም ይጨመራል። የዝንቡ ሆድ ስስ ስለሆነ ቀለሙ ከውጭ ይታያል፤ ማን እንደ በላ፣ ማን እንዳልበላ ይታወቃል።

ኦክስጅኑ ጨምሮ ቢገኝም ጥያቄው አያልቅም። ዝንቡ እረፍት አጥቶ ሲቅበዘበዝ ስለዋለ ይሆን? በሩጫ የሚመጣ ጭማሪና በተቀመጡበት የሚመጣ ጭማሪ አንድ አይደሉም። ስለዚህ እንቅስቃሴውም ይታያል፤ ጠርሙሱን መታ አድርገን ስንቶቹ ወደ ላይ እንደሚወጡ እንቆጥራለን።

ሠ. ቢሠራስ?

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። «ሜታቦሊዝምን ያፋጥናል» የተባለ ነገር በእውነት ቢያፋጥን ጥሩ ነው ማለት ነው? ታሪክ አይደለም ይለናል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ የፈንጂ ፋብሪካዎች ውስጥ ዳይናይትሮፌኖል የተባለ ቢጫ ዱቄት ይሠራበት ነበር። ሠራተኞቹ ይከሱ፣ ያልባቸውና ያተኩሳቸው ጀመር፤ የሞቱም ነበሩ። በ1933 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ይኸው ነገር ሜታቦሊዝምን በጣም እንደሚጨምርና እንደሚያከሳ ጽፈው አወጡ። ነገሩ ተወደደ። በአንድ ዓመት ገደማ 100,000 ያህል አሜሪካውያን ወስደውታል ተብሎ ተገምቷል። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ፣ ሰውነታቸው እንደ እሳት ግሎ የሞቱ ሰዎች ታዩ። በ1938 አሜሪካ ለሰው መድኃኒትነት እንዳይሸጥ አገደችው። ማርከሻ የለውም። ዛሬም በድብቅ እየተሸጠ ሰው ይገድላል።

ልብ እንበል፤ ሻጮቹ «ያፋጥናል» ሲሉ አልዋሹም። እሳቱን በእውነት ያነድ ነበር። ነገር ግን ምግቡ ለሥራ የሚሆን ኃይል መስጠቱ ቀርቶ ሙቀት ብቻ ሆኖ ይባክን ነበር። ምድጃው ይነዳል፤ እንጀራው ግን አይበስልም፤ በመጨረሻ ቤቱ ይቃጠላል።

ስለዚህ በዝንቡ ሙከራ ኦክስጅንን ብቻ መመዝገብ አይበቃም። በዚያው ሰንጠረዥ ላይ በየቀኑ የሞቱት ይቆጠሩ። የጣሉት እንቁላልም ይቆጠር ዘንድ እንስቶችን ለብቻ በሌላ ጠርሙስ መያዝ ይገባል። ጥቅሙን በአንድ ዓምድ፣ ጉዳቱን በሌላው ዓምድ ያልጻፈ ተማሪ ግማሽ ሥራ ሠራ።

ረ. የዝንቡ ምስክርነት እስከ የት ነው?

ዝንብ ሰው አይደለም። እንደ እኛ ያለ ጉበት የለውም፤ የጉበትን ሥራ ሌሎች የሰውነቱ ክፍሎች ይሠሩለታል። ለእሱ የሚበቃ መጠን ለእኛም ይበቃል ማለት አይቻልም። ዱቄቱ ዝንቡን ከገደለ ማስጠንቀቂያ ነው። ዝንቡን ካልጎዳ ግን «ለሰው ደህና ነው» የሚል የምስክር ወረቀት አይደለም። የዝንብ ሙከራ የመጀመሪያው በር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ በሮች አሉ።

የሙከራው ትምህርት ግን ከቤተ ሙከራ ውጭም ይሠራል። አንድ ሰው «እኔ ወስጄው ከሳሁ» ቢለን፣ ያልወሰዱትስ? ብለን እንጠይቅ። ስንት ሰው ወሰደው? ምግባቸውስ አንድ ነበር? የቆጠረው ማን ነው፤ ሻጩ ራሱ ነው? የተጎዱትስ ተቆጥረዋል? እነዚህን መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። አለመጠየቅ ግን ገንዘብም ጤናም ያስከፍላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማወዳደሪያ ወገን ለምን ያስፈልጋል?
2. ባዶው ቱቦ ምን ይነግረናል?
3. ዝንቡ ቢከሳ ዱቄቱ ሠርቷል ለማለት ምን ምን መታወቅ አለበት?
4. በአካባቢያችሁ «ፍቱን ነው» ተብሎ የሚሸጥ አንድ ነገር ጥቀሱ። በ«ረ» ሥር ባሉት ጥያቄዎች መርምሩት።