ሆዱ ውስጥ ሬዲዮ ያለው እንስሳ

ዛሬ የማቀርብላችሁ ትምህርት ስለ አቆስጣ ነው። አቆስጣ ዓሣና ሸርጣን የሚበላ፣ ዋና የሚችል ጸጉራም አውሬ ነው። በአገራችን ጣና ሐይቅ አካባቢ ይገኛል።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቃጭል ምን እንደሚጠቅም ያውቃል። ጥጃው ቢጠፋ በድምፁ ይገኛል። ተመራማሪዎችም የዱር እንስሳ የት እንደሚውል ለማወቅ አንገቱ ላይ ሬዲዮ ያስራሉ። አቆስጣ ግን አንገቱ እንደ ጭንቅላቱ ወፍራም ስለሆነ የታሰረው ነገር ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ መሣሪያውን በቀዶ ጥገና ሆዱ ውስጥ ያስገባሉ።

እንዴት መሰላችሁ? የእንስሳት ሐኪሙ በማደንዘዣ ያስተኛዋል፣ ሆዱን በትንሹ ይቀዳል፣ ማሰራጫውን አስገብቶ ይሰፋዋል። ሳይነቃ ውሃ ከገባ ስለሚሰጥም በደንብ እስኪነቃ ይጠበቃል። ጸጉሩም ብዙ አይላጭም። በተለይ የባሕር አቆስጣ እንደ ዓሣ ነባሪ ወፍራም ስብ ስለሌለው ከብርድ የሚያድነው በዋናነት ጸጉሩ ነው። በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳው ላይ ከ100,000 በላይ ጸጉር ሊኖር ይችላል። የእኛ ጭንቅላት እኮ ሙሉው ተቆጥሮ ነው 100,000 የሚሆነው!

ከተለቀቀ በኋላ በአንቴና ጢጥ ጢጥ የሚለውን ድምፅ እየሰሙ ይከታተሉታል። ይበላል? ይጠልቃል? ጸጉሩን ያጸዳል? አንዳንዱ ማሰራጫ እንስሳው ሞቶ ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይለወጣል።

እኔ መጀመሪያ ሳነበው ጤነኛ እንስሳ መቅደድ ጭካኔ ነው ብዬ ነበር። በኋላ ግን የአላስካውን አነበብኩ። በ1981 ዓ.ም. (1989 እ.ኤ.አ.) ኤክሶን ቫልዴዝ የሚባል መርከብ ነዳጅ ባሕር ላይ ደፋ። ሰዎች በነዳጅ የተለወሱ አቆስጣዎችን አጥበው፣ አክመው መልሰው ለቀቁ። 45ቱ ሆዳቸው ውስጥ ማሰራጫ ተደርጎላቸው ነበር። ሁሉም ሰው ዳኑ ብሎ ደስ ብሎታል። ሬዲዮው ግን ብዙዎቹ በኋላ እንደሞቱ ወይም እንደጠፉ ተናገረ። ማሰራጫው ባይኖር ማን ያውቅ ነበር?

ያም ሆኖ ሳይቀዱ ማወቅ ከተቻለ እሱ ይሻላል እላለሁ። በዞናችን ቋራ ወረዳ አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. አንበሳ መኖሩ ለዓለም የተነገረው ጫካ ውስጥ በተተከለ ካሜራና በዱካው ነው። አንበሳው ሲያልፍ ካሜራው ራሱ ያነሳዋል፣ ማንም አልነካውም። ካሜራው ግን አንበሳው ካለፈ በኋላ የት እንደሄደ አይናገርም።