የላይኛው ያጠጣ፤ ከዚያም ይልቀቅ

በዛሬው ጁምዓ ስለ ውሃ ሐቅ እንተዋወስ።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ታሪክ ነው። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) እና አንድ የአንሷር ሰው የተምር ዛፎቻቸውን በሚያጠጡበት ቦይ ተጣሉ። የዙበይር እርሻ ከላይ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዙበይር ትንሽ አጠጥቶ ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ ፈረዱ። ሰውየው ግን «ለአክስታቸው ልጅ አደሉ» የሚል ቅሬታ አሰማ። ያኔ ለዙበይር ሙሉ ሐቁን ሰጡት፦ ውሃው የእርሻው ክትር እስኪሞላ ይዞ፣ ከዚያ እንዲለቅ። ልኩም እስከ ቁርጭምጭሚት ሆኖ ተገምቷል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ከላይ ያለ ሰው ቅድሚያ አለው፤ ማንም አይከለክለውም። ሁለተኛ፣ ቅድሚያው ልክ አለው። ሙሉ ሐቁን በወሰደበት ፍርድ እንኳ መጨረሻው «ልቀቅ» ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከሶዶ በስተምዕራብ ወላይታን ከዳውሮ የሚለየው ኦሞ ነው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ል የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 የቆመውም እዚያ ነው፤ ከፍታው 243 ሜትር፣ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት። ኦሞ ከዚያ ወርዶ በዳሰነች ምድር በኩል ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ በአብዛኛው የኬንያ ነው፤ ከሚገባለት ውሃ ከአሥር እጅ ስምንት እስከ ዘጠኙ የኦሞ ነው። ተርባይን ያዞረ ውሃ መንገዱን ይቀጥላል፤ ለመስኖ የተጠለፈው ግን አብዛኛው አይመለስም። የወንዙን ዓመታዊ ሙላት ጠብቀው በደለሉ ላይ ማሽላ የሚዘሩ ወገኖቻችንም ሙላቱ ሲቀር እርሻቸው ይቀራል።

ታዲያ በኦሞ ላይ ዙበይር ማነው? እኛ ነን።

እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን የናይልን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ተካፈሉ። አብዛኛው ውሃ የሚመነጭባት ኢትዮጵያ አልተጠራችም። «ፍትሕ የለውም» እንላለን፤ እውነታችንን ነው። የላይኛውንም የታችኛውንም ሐቅ የሚያይ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በ2002 ለፊርማ ተከፍቶ፣ ሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 2017 ነው። በኦሞና በቱርካና ላይ ግን ኢትዮጵያንና ኬንያን የሚያስተሳስር እንዲህ ያለ ማዕቀፍ የለም። አላህ በሱረቱል ሙጦፊፊን ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን አስጠንቅቋል። ለናይል አንድ ሚዛን፣ ለኦሞ ሌላ ሚዛን ሊኖረን አይገባም። ሳንጠራ መቅረታችን ካመመን፣ ከታች ያለው ሳይጠራ ሲቀርም ሊያመን ይገባል።

የውሃ ተራ በአላህ ዘንድ ቀላል አይደለም። በሱረቱ ሹዐራእና በሱረቱል ቀመር እንደተነገረን፣ ለሠሙድ ሕዝብና ለግመሏ የመጠጫ ቀን ተለይቶ ነበር። መናገር የማትችል ግመል እንኳ የታወቀ ቀን ነበራት! እነሱ ግን ገደሏት፤ ጠፉም።

ስምምነት የሚፈርሙት መንግሥታት ናቸው፤ ለእኛስ ምን ቀረን?

1. ስለ ወንዝ ስንጽፍም ስንከራከርም በአንድ ሚዛን እንናገር። ጎረቤት ሙስሊም ይሁን አይሁን ሐቁ ሐቅ ነው።

2. ቦኖ ላይ የሰው ተራ አንዝለል። ግቢያችን ቧንቧ ካለ፣ ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ይዞ የመጣን አንመልስ። ትርፍ ውሃውን መንገደኛ የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን አላህ ከማያያቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነው።

3. ዉዱእ ስናደርግ ቧንቧውን እንቀንስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዉዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ነበር።

ያ አላህ! ከላይ ስንሆን የምንለቅ፣ ከታች ስንሆን የማንበደል አድርገን። ኣሚን።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢዩ ላይ ሶለዋት ማብዛት አንርሳ። መልካም ጁምዓ!